ከተቆረጠው ማንጎ ሁለት መቶ ሜትር

ግሬቴል ሴሌዶንን ለማማት ያልሞከርኩበት ቀን የለም፤ ግን ምኗን ይዤ ልማት? ስንት ዓመት ምሳዋን እኔ ቤት በልታለች። የክሊኒኩን ኮምፒውተር የያዘችው እሷ ናት። በዚህ ሸለቆ የማን ኩላሊት እንደታመመ፣ የማን ሚስት እንዳረገዘች፣ ማን ተደብቆ የነርቭ መድኃኒት እንደሚወስድ ታውቃለች። አንዲት ቃል ግን አምልጧት አያውቅም።

"ማርሲያል ዛሬ ክሊኒክ ሲገባ አየሁት፤ ምን ሆኖ ነው?" እላታለሁ ሾርባዋን እያስቀመጥኩ።

"እሱን ይጠይቁት፣ ዶኛ ኒዲያ" ትለኛለች፤ ቀና እንኳ አትልም።

ደሜ ይፈላ ነበር። ምሳ ቤት ያለው ሰው ወሬ ካልሰማ በምን ይኖራል? ሩዝና አደንጓሬ ማንም ቤቱ አለው፤ እኔ ጋ የሚመጣው ወሬ ፈልጎ ነው። እና አንዲት ሴት የሸለቆውን ወሬ ሁሉ በሆዷ ይዛ ጥጌ ላይ ቁጭ ብላ ሾርባ ትጠጣለች። እስቲ ይሄ ፍርድ ነው?

ይህን ጸባይ ከእናቷ ነው የወሰደችው። እናቷ ዶኛ ኤይዳ ሱቅ ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። ያኔ የሰፈራችን ስልክ እሳቸው ባንኮኒ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ነበር። ወደ ዋና ከተማው ወደ ሳን ሆሴ የሄደ ልጅ እናቱን ሲፈልግ፣ ሐኪም ለታማሚ ውጤት ሲነግር፣ ያገባ ሰው ወደማይደወልበት ሲደውል፣ ሁሉም እዚያው ቆሞ ነው፤ ከበስተኋላው ስኳር ገዢ፣ ሳሙና ገዢ ተሰልፎ። ዶኛ ኤይዳ ታዲያ አንድ ዘዴ ነበራቸው። ሰው ስልኩን ሲያነሳ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጉታል፤ ስልኩ ሲዘጋ ይቀንሱታል። እኔ ኮረዳ ሆኜ ጨው የምገዛ መስዬ ስንቴ ጆሮዬን ቀስሬ ቆሜያለሁ፤ ከማሪምባ ሙዚቃ በቀር የሰማሁት የለም።

ግሬቴል ግን ከባንኮኒው ሥር የቤት ሥራዋን ስለምትሠራ ሁሉንም ትሰማለች። አንድ ጊዜ የአስተማሪዋ ትዳር ሊፈርስ መሆኑን ሰምታ ለጓደኛዋ ሹክ አለች። ወሬው በማግስቱ ትምህርት ቤቱን አዳረሰው። ዶኛ ኤይዳ አልመቷትም፣ አልጮኹባትም። እጇን ይዘው አስተማሪዋ በር ላይ አቆሟትና "የእሷን ነገር ነው የሰጠሽው፤ ሰጥቼብሻለሁ ብለሽ ንገሪያት" አሏት። ልጅቷ እስክትናገር ድረስ ሁለቱም ዝናብ ላይ ቆሙ። ይህን የነገሩኝ ዶኛ ኤይዳ ራሳቸው ናቸው፤ ግሬቴልማ ምን ብላ ትነግረኛለች።

ስታድግ ኮምፒውተር ተማረችና ወደ ክሊኒኩ ገባች። ክሊኒኩ የሰፈሩ ኅብረት ሥራ ነው፤ ዳይሬክተሩ ዶን ኡሊሴስ ጥሩ ሐኪም ናቸው፤ ስማቸውን ግን ከበሽተኛ አብልጠው ይጠብቃሉ። የበሽተኛው ሁሉ መረጃ ከፋርማሲው ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ማሽን ላይ ነበር። ክፍሏ ታፈሳለች፤ ማሽኑን ደግሞ ጉንዳን ይወደዋል። ሁለቴ ሞቶ ሁለቴ ካስነሳችው በኋላ ግሬቴል መረጃውን ክላውድ፣ ማለትም ደመና፣ ወደሚሉት ቦታ ማዛወር አለብን አለች።

"ደመናማ እዚህ ሞልቶናል" አላት ማርሲያል፣ ባለታክሲው። ከጠዋት እስከ ማታ ከሚሠራበት እኔ ጋ የሚቀመጥበት ጊዜ ይበልጣል። "ከላያችን ካለው እሳተ ገሞራ አፍ ላይ አንዱን አላመጣልሽም?"

"የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው" አለች እሷ፤ ለቀልድ ጊዜ የላትም። "ሌላ አገር የተቀመጠ፣ ትልቅ፣ የማያፈስ።"

እኔ ተቆጣሁ። "ታዲያ የኔን ስኳር በሽታ ለማላውቃቸው ሰዎች አሳልፈሽ ልትሰጪ ነው?"

"ቆልፌ ነው የምልከው። ሣጥኑ እነሱ ጋ ይቀመጣል፤ ቁልፉ እዚህ ይቀራል። ከፍተው ቢያዩት እንኳ ትርጉም የሌለው ፊደል ነው የሚያገኙት።"

የክላውዱን ቦታ ሊሸጥላት ከመጣው ልጅ ጋር እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር የተጨቃጨቁት። እሱ ቁልፉንም እኛ እንያዝላችሁ፣ ቢጠፋባችሁስ፣ እንዲህ ይቀላል ይላል። እሷ ደግሞ "ቤቴን ለሚጠብቅልኝ ሰው የመኝታ ቤቴን ቁልፍ አልሰጠውም" ትላለች። ልጁ የቱሪያልባ አይብ በልቶ፣ ላብ ላብ ብሎት ሄደ። እንዳለችው ሆነ። ማን ምን ማየት እንደሚችል ለያየችው፤ ነርሷ የነርሷን፣ ፋርማሲው የፋርማሲውን። ለዶን ኡሊሴስ እንኳ የማይከፈትላቸው ነገር ነበር፤ አኩርፈው ነበር ይባላል።

እዚህ ላይ ስለ ዮርሌኒ ልናገር። ከጓፒሌስ ነው የመጣችው፤ አንድ ሻንጣና አንዲት ልጅ ይዛ። ከወጥ ቤቴ ጀርባ ያለችውን ክፍል አከራየኋት፤ ሰማያዊ በር ያላትን። ሳህን ታጥባለች፣ ሙዝ ትጠብሳለች፤ እጇ ቀልጣፋ ነው። ለምን መጣሽ ብዬ ጠይቄያታለሁ፤ እኔ ሳልጠይቅ የምቀር ሰው ነኝ? "ሥራ ፈልጌ ነው" አለችኝ። አንድ ቀን ነጭ ፒካፕ ደጃችን ላይ ፍሬን ሲይዝ የያዘችው ሳህን ሁሉ ከእጇ ወረደ። ያኔ ነገረችኝ። ባሏ እንዲህ ያለ ፒካፕ ነው የሚነዳው፤ ሁለቴ ክንዷን ሰብሯታል፤ ለሦስተኛው አልጠበቀችም። እኔ፣ አፌ የማያርፈው ኒዲያ፣ ይህን ለሰው አልተናገርኩም። አንጀቴን በልታኛለች።

ልጇ ናዬሊ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። እሳተ ገሞራው አመዱን መትፋት ሲጀምር ደግሞ ባሰባት። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሸለቆው ሁሉ ይስል ነበር። ልብስ ማስጣት ቀረ፣ ላሞቹ ሣር ሳይሆን አመድ በሉ። ከዋና ከተማ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች፣ አመዱ የትኛውን ሰፈር ይበልጥ እንደጎዳ ለሁሉም ሰው በሚታይ ገጽ ላይ እናውጣ፣ መንግሥትም አይቶ ይርዳችሁ አሉ። ግሬቴል ብዙ አሰበችበት። ስም አጠፋች፤ መታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ፣ የልደት ቀን፣ ሁሉንም። የቀረው ዕድሜ፣ በሽታው እና አድራሻ ነበር። አድራሻ ከሌለ አመዱ የት እንደወደቀ በምን ይታወቃል? ማንም አልተቃወመም። ዶን ኡሊሴስ ፈረሙ፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎችም ወደዱት።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ግሬቴል ፊቷ ፈክቶ ገባች። ስልኳን ከፍታ ከፊታችን አስቀመጠችው።

"ሲጠይቁኝ ነበር አይደል ምን እየሠራሽ ነው እያሉ? ይኸው። ከሳምንት በላይ ሆነው ከወጣ። ሁሉም በሽተኛ እዚህ አለ፤ ማን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።"

ማርሲያል መነጽሩን አደረገ። "ሴት፣ ሰባ አንድ ዓመት፣ አስም፤ ከተቆረጠው ማንጎ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ የሁለቱ ውሾች ቤት።" ቀና ብሎ አየኝ። "ይህቺማ የቄሱ እህት አይደለችም እንዴ?"

"አስም አላት?" አልኩ እኔ። "ለዚህ ነዋ መዘምራኑን የተወችው።"

"ወንድ፣ ሃምሳ ስምንት፤ ከድሮው ሲኒማ ፊት ለፊት፣ ፎቁ ላይ፣ የጥርስ ሐኪሙ መበለት ያለችበት።" ማርሲያል ሳቀ። "ሃምሳ ስምንት ዓመት ወንድ እዚያ ፎቅ ላይ ምን ያደርጋል?"

ሌሎቹም ሳህናቸውን ይዘው ተጠጉ። እንቆቅልሽ ሆነልን። እየተሽቀዳደምን እንፈታለን፤ በሳቅ እንፈርሳለን። በእኛ ሰፈር ቤት ቁጥር የለውም፤ ቢኖረው ማን ያነበዋል? ሰው ቤቱን ሲናገር ጎረቤቱን፣ ዛፉን፣ የሞተውን ባለሱቅ ጭምር ይናገራል፤ የክሊኒኩ ጸሐፊ ደግሞ ነርሷ እንዳትጠፋ ብላ ሁሉንም አሟልታ ትጽፈዋለች። ከናታችን ሆድ ጀምሮ እንዲህ ስለኖርን አድራሻ ስም መሆኑ ለአንዳችንም ታይቶን አያውቅም። ለግሬቴልም አልታያት።

ዘወር ስል አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች፤ ማርሲያል ግን አንዱን ጀምሮ ነበር።

"ሴት፣ ስድስት ዓመት፣ ከባድ አስም፤ ከዶኛ ኒዲያ ምሳ ቤት ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ የጓፒሌሷ ሴት ክፍል።"

ማርሲያል መነጽሩን አወለቀ። ዮርሌኒ የተጠበሰ ሙዝ ይዛ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ሰምታው ይሁን አይሁን አላወቅንም፤ ሳህኑን አስቀምጣ ተመለሰች። ግሬቴል ስልኳን ነጥቃ፣ ምሳዋን ሳትነካ እየሮጠች ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ባዶ ሲሆን ተመለሰች፤ ዶን ኡሊሴስ ተከትለዋት። ቡና አቀረብኩና አልሄድኩም። ቤቴ ነው፣ የት እሄዳለሁ?

"ገጹ ወርዷል" አሉ ዶን ኡሊሴስ። "አለቀ። ማን አየው?"

"የከፈተው ሰው ይመዘገባል" አለች። "ጓፒሌስ ውስጥ ያለ አንድ ስልክ 'ጓፒሌስ' እና 'አስም' ብሎ ፈልጎ ነው የገባው። አንዷን መስመር ደጋግሞ ከፍቷታል። ትናንትም።"

"ጓፒሌስ ስንት ሺህ ሰው አለ። ዘመድ ሊሆን ይችላል፣ ተማሪ ሊሆን ይችላል።"

"እሱም ሊሆን ይችላል።"

"ስሚኝ፣ ግሬቴል።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይህን ካወጣሽው ሰው እኛን ማመን ያቆማል። የማያምነን ሰው ደግሞ ታሞ ቤቱ ይተኛል። አንቺም የክፍለ ሀገሩን ክሊኒኮች በሙሉ ልትይዢ ነው፤ ደብዳቤሽ ተዘጋጅቷል። ዝም ብለን እንጠብቅ።"

እውነቱን ለመናገር፣ ሰውዬው የሚሉት ነገር ከንቱ አልነበረም። ግሬቴል ሲኒውን ከፊቷ ገፋችው።

"የእርስዎ አይደለም፣ የኔም አይደለም" አለች። "የእሷን ነገር ነው የሰጠሁባት።" ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እኔም ተከተልኳት።

ዮርሌኒ ድስት እያሸች ነበር። ግሬቴል ነገሩን አላለሳለሰችውም፣ አላለቀሰችም። "የምትኖሪበትን ቦታ ለሰው ሁሉ አውጥቼዋለሁ። ሳላስተውል ነው፤ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። ጓፒሌስ ያለ ሰው አይቶታል። ማን እንደሆነ አላውቅም" አለቻት።

ዮርሌኒ የሩዝ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። እጇ አረፋ እንደያዘ ነው። ትጮህባታለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህባት እኔም እፎይ እል ነበር።

"ናዬሊ ትምህርት ቤቱን ለምዳው ነበር" አለች ብቻ። "ጓደኛ ይዛለች።"

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። መጥረጊያ አነሳሁ፤ ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። "የትም አትሄጂም። አሁን ወጥቼ ለሰፈሩ ሁሉ እናገራለሁ። እያንዳንዱ በር ላይ ሰው ይቆማል። ይምጣና አሳየዋለሁ፣ ይሄን..."

ግሬቴል በሩ ላይ ቆመችብኝ። "አይነግሩም።"

"ምን?"

"እኔ ሳልጠይቃት አንዴ ተናግሬባታለሁ። እርስዎ ደግሞ ሁለተኛ ሊሆኑ ነው?"

"እኔ ለማዳን ነው።"

"እኔም ለማዳን ብዬ ነው ያወጣሁት።"

መጥረጊያውን መልሼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ዮርሌኒ ሁለታችንንም አየችንና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"መሸሽ ሰለቸኝ" አለች። "እዚህ መኖር ነው የምፈልገው። መነገር ካለበት እኔ እናገራለሁ። ለማን እንደምናገርም እኔ ነኝ የምመርጠው።"

መረጠችም። ለማርሲያል ነገረች፤ ማርሲያል ባነበበው ነገር አፍሮ ቀና ብሎ ሊያያት አቃተው። ለናዬሊ አስተማሪ ነገረች፣ ለዶኛ ኤይዳ ነገረች። ለዳቦ ጋጋሪው አትንገሩ አለችን፤ አፉ እንደማያርፍ እዚህ በኖረችበት ዓመት ውስጥ አውቃለች። ለቄሱ እህት እነግራለሁ ስትል ተከራከርኳት፤ እሷ ግን "ውሾች አሏት" አለችኝ። ግሬቴል ይዛት ፍርድ ቤት ሄደች፤ ባሏ እንዳይቀርባት የሚያግድ ትእዛዝ ተሰጣት፤ የሰውየው ፎቶ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። እኔ በሩን አረንጓዴ ቀባሁት፤ ስሜ የተጻፈበትን ሰሌዳም አወረድኩ። ግሬቴል ደግሞ በገጹ ላይ የነበሩትን በሽተኞች ቤት ለቤት እየዞረች ያደረገችውን ነገረች። አንዳንዱ ሰደባት፤ ከፎቁ ላይ ያለው ወንድ በሩን ፊቷ ላይ ዘጋው። የዶን ኡሊሴስ ደብዳቤ ሳይደርሳት ቀረ፤ ሹመቱን ከካርታጎ የመጣ ሌላ ሰው ወሰደው።

ባሏ የመጣው ዝናብ በሚጥልበት ቀን ነው። መጀመሪያ ዶኛ ኤይዳ ሱቅ ገብቶ ኖሯል። የዶኛ ኒዲያን ምሳ ቤት ሲጠይቃቸው ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት። "አልሰማህም ልጄ" አሉት፤ ጮክ ብሎ ሲደግም ሬዲዮኑን ይበልጥ ከፍ አደረጉት። ተስፋ ቆርጦ ሲወጣ ለኔ ደወሉ። ስልኩን ሳልዘጋ ነጭ ፒካፕ ደጄ ላይ ቆመ። ዮርሌኒ ወጥ ቤት ነበረች።

ረጅም፣ ጨዋ የሚመስል ሰው ነው። ጫማውን ጠርጎ ገባ። "ይቅርታ፣ እመቤት፤ የዶኛ ኒዲያ ምሳ ቤት የቱ ነው?" አለኝ።

በዕድሜዬ ሁሉ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጨርቅ አንስቼ ንጹሑን ጠረጴዛ መጥረግ ጀመርኩ። ማርሲያል ከጥጉ ተነሳ።

"የኒዲያ? ቀላል ነው። ከተቆረጠው ማንጎ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ምዕራብ።"

"ማንጎው የት ነው?"

"ተቆርጧል እኮ።"

"የት ነበር ታዲያ?"

"ወፍጮ ቤቱ ሳይቃጠል ከሱ አጠገብ።" ማርሲያል ራሱን እከክ እከክ አደረገ፤ የሚያዝንለት ይመስላል። "ለእንግዳ ያስቸግራል። ተወው፣ እኔም ወደዚያው ነኝ፤ ተከተለኝ።"

ሰውየው አመስግኖ ወጣ። ታክሲው ቀስ እያለ ፊት፣ ፒካፑ ኋላ። ከተቆረጠው ማንጎ ሁለት መቶ ሜትር ወደ ምዕራብ የፖሊስ ጣቢያው ግቢ ነው፤ ይህን ከእኛ ሰፈር ሰው በቀር ማን ያውቃል? ማርሲያል በመንገድ ላይ ደውሎላቸው ኖሮ በሩን ከፍተው ጠበቁት። ሁለቱም መኪኖች ከገቡ በኋላ በሩ ተዘጋ።

ወጥ ቤት ስገባ ዮርሌኒ ከምድጃው ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። "ሄዷል" አልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አለቀስን። ሙዙ አረረ።

ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ ውስጥ አድራሻ እንደ ስም ይቆለፋል። ዮርሌኒ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሥራ ትገባለች፤ ከክፍሌ ግን ለቃ ሌላ ቤት ተከራይታለች። ስትለቅ ሻንጣዋን የያዘችላት ግሬቴል ነበረች፤ አዲሱን አድራሻ መዝግባ የቆለፈችውም ራሷ ናት። ዮርሌኒ ከሌላ ሰው እጅ እንዲገባ አልፈለገችም።

ባለፈው ሾርባዋን እያስቀመጥኩ አላስቻለኝም። "ግሬቴል፣ ይህቺ ልጅ አሁን የት ነው የምትኖረው?" አልኳት።

"እሷን ይጠይቋት፣ ዶኛ ኒዲያ" አለችኝ፤ ቀና ሳትል።

ዮርሌኒ ወጥ ቤት ነበረች፤ አምስት እርምጃ አይሞላም። ከአይቡ ትልቁን ቁራጭ ቆርጬ ለግሬቴል አስቀመጥኩላትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።